ረሃብን የሚያዘው ማን ነው? «ሆርሞን ሰበብ ነው» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደረሰኝ። ጉዳዩ ውፍረት ነው። መልእክቱ ባጭሩ «ሆርሞን የሚሉት ነገር ሰበብ ነው፤ የወፈረ ሰው አፉን መግዛት ያቃተው ሰው ነው» የሚል ነው። አጻጻፉ ጥሩ ነው። አንዴ ከጀመሩት ሳይጨርሱት አያስቀምጡትም። ብዙ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ተራ ስህተት ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር። ይሄኛው ሰው ይጎዳል።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። መጀመሪያ ያነሡት ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጄፍሪ ፍሪድማን ይህን ሆርሞን ሲያገኙ ዓለም «የውፍረት መድኃኒት ተገኘ» ብሎ ጮኸ፤ አንድ ኩባንያም ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከፈለበት፤ በመጨረሻ ግን ሆርሞኑ ሰው አላከሳም፤ ስለዚህ የሆርሞን ነገር እዚያው ላይ ሞቷል ይላሉ። ቀጥለው ክብደት የሂሳብ ጉዳይ ነው ይላሉ፤ ከሚያወጣው በላይ የሚያስገባ ይወፍራል፣ አለቀ። ሦስተኛ፣ ዘረ መላችን በአርባ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፣ ውፍረት ግን በዝቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የስንፍና እንጂ የተፈጥሮ አይደለም ይላሉ። አራተኛ፣ እናቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ይውላሉ፤ ረሃብን ማሸነፍ እንደሚቻል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል ብለው ይጠይቃሉ። አምስተኛ፣ አዲሶቹ የማክሻ መርፌዎች የኩባንያ ንግድ ናቸው፤ ሰው ሲያቆማቸው መልሶ መወፈሩም የማይረቡ መሆናቸውን ያሳያል ባይ ናቸው። በስተመጨረሻ ለወፈረ ዘመድ ፊት ለፊት መናገር ፍቅር ነው ብለው ይመክራሉ።

አንድ በአንድ ልሂድበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሌፕቲን በእርግጥ ሞቷል?

ፍሪድማን የሚሠሩት ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ነው። ታሪኩ ግን ከእሳቸው አይጀምርም። ጸሐፊው የዘለሉት ይህን ክፍል ነው። በ1949 በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በምትባል ከተማ ባለው ጃክሰን ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ልክ የሚበሉና ከመጠን በላይ የሚወፍሩ አይጦች ተገኙ። ውፍረቱ በአንድ ዘረ መል ጉድለት የሚወረስ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ እዚያው ላቦራቶሪ ሌላ ዓይነት ወፍራም አይጥ ተገኘ። የላቦራቶሪው ተመራማሪ ዳግላስ ኮልማን አይጦቹን ጎን ለጎን በቀዶ ጥገና አጣብቀው ደማቸው እንዲገናኝ አደረጉ።

የሆነው ነገር ይህ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ወፍራም አይጥ ከጤነኛ አይጥ ጋር ሲጣበቅ መብላት ቀነሰና ከሳ። ሁለተኛው ዓይነት ከጤነኛ ጋር ሲጣበቅ ግን ወፍራሙ እንዳለ ቀረ። መብላት አቁሞ በረሃብ የሞተው ጤነኛው ነው። ሁለቱን ወፍራሞች እርስ በእርስ ሲያጣብቋቸው ደግሞ የመጀመሪያው መብላት ትቶ መነመነ፣ ሁለተኛው ምንም አልሆነም።

እንዲህ ያለ ንጹሕ ሙከራ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ኮልማን የደረሱበት ድምዳሜም ግልጽ ነበር። በደም ውስጥ የሚዞር፣ አንጎልን «በቃ» የሚል መልእክት አለ። አንደኛው አይጥ መልእክቱን መሥራት አይችልም። ሁለተኛው አትረፍርፎ ይሠራል፣ ግን አይቀበለውም። ብዙ ባለሙያዎች ለዓመታት አላመኗቸውም። ያኔም ይባል የነበረው ዛሬ ጸሐፊው የሚሉት ነው፤ አበላል የጠባይ ጉዳይ ነው ይባል ነበር።

ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው መልእክቱን የሚሠራውን ዘረ መል ፍለጋ ስምንት ዓመት ገደማ ደከሙ። በ1994 አገኙት። መልእክተኛው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ነው፤ የሚያመነጨውም ራሱ የሰውነት ስብ ነው። ስብ ሲበዛ ሌፕቲን ይበዛል፣ ስብ ሲቀንስ ይቀንሳል። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ይህን እያየ ረሃብን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ በፊት ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ነገር ይመስለን ነበር። ከዚያ በኋላ ከአንጎል ጋር የሚነጋገር አካል መሆኑ ታወቀ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2010 ላስከር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ የሕክምና ምርምር ሽልማት የተካፈሉት ለዚህ ሥራ ነው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ነገር አለ። አምጀን የተባለው ኩባንያ የሌፕቲንን መብት ለማግኘት ለሮክፌለር 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ጋዜጦችም አጋነውት ነበር። ሌፕቲን ለአብዛኛው ወፍራም ሰው የተጠበቀውን ያህል አልሠራም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለምን እንዳልሠራም ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። አብዛኛው ወፍራም ሰው ሌፕቲን አላነሰውም። እንዲያውም ደሙ ውስጥ ሞልቷል። ችግሩ አንጎሉ ለመልእክቱ የሚገባውን ያህል ምላሽ አለመስጠቱ ነው። ነገሩ ወደ ኮልማን ሁለተኛ አይጥ ይቀርባል።

«ለሁሉም መድኃኒት አልሆነም» ማለት ግን «ሥራ የለውም» ማለት አይደለም። ጸሐፊው ከአንዱ ወደ ሌላው የዘለሉት ምንም ድልድይ ሳያበጁ ነው። እንዲያጤኑት የምፈልገው የሁለት ሕፃናትን ጉዳይ ነው። በ1997 በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ስቲቨን ኦራሂሊ፣ ሳዳፍ ፋሩቂና ባልደረቦቻቸው፣ የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ ሁለት ልጆችን ታሪክ አሳተሙ። ሴቷ የስምንት ዓመት ልጅ ስትሆን 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ወንዱ በሁለት ዓመቱ 29 ኪሎ ነበር። ሁለቱም ሲወለዱ እንደማንኛውም ሕፃን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን የማያባራ ረሃብ ያዛቸው። ደማቸው ሲመረመር ሌፕቲን የለም በሚባል ደረጃ ላይ ነበር። የሚሠራው ዘረ መል ተበላሽቷል።

ልጅቷ ሌፕቲን በመርፌ መውሰድ ስትጀምር 94 ኪሎ ደርሳ ነበር። በአንድ ዓመት 16 ኪሎ ቀነሰች፤ የቀነሰችውም ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ነው። ያለማቋረጥ ምግብ ስትጠይቅ የነበረች ልጅ እንደ እኩዮቿ መብላት ጀመረች። እዚህ ላይ ጸሐፊውን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህች ልጅ ከመርፌው በፊት ሆዳም ነበረች? ከመርፌው በኋላስ ድንገት ጨዋ ሆነች? ወይስ የጎደለው ሆርሞን ሲተካላት ረሃቧ ልኩን ያዘ?

ተቃራኒው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። የሰውነት ስብ የሌላቸው ሰዎች አሉ። ሊፖዲስትሮፊ የሚባል ሕመም ነው። ሲያዩአቸው ቀጫጭን ናቸው፣ ጡንቻቸውና ደም ሥራቸው ከቆዳቸው ሥር ይታያል። ረሃባቸው ግን አይጣል ነው። ስብ ስለሌላቸው ሌፕቲን የላቸውም፤ አንጎላቸው ሁልጊዜ ጠኔ ላይ ያሉ ይመስለዋል። የሚበሉት የሚጠራቀምበት ሲያጣ ጉበታቸው ላይ ይከማችና ከባድ የስኳር በሽታ ያመጣባቸዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2014 ሰው ሠራሹን ሌፕቲን የፈቀደው ለእነዚህ ሕሙማን ነው። ሞተ የተባለው ሆርሞን ዛሬም ሕይወት እያተረፈ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ እሱን አልደብቅም። ጎረቤትዎ የወፈሩት ሌፕቲን አጥተው ላይሆን ይችላል። ግን በዚያ መንገድ ላይ የሚበላሸው ሌፕቲን ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ኤምሲፎርአር የተባለው፣ አንጎል ውስጥ የጥጋብን መልእክት የሚቀበል አካል አለ። የካምብሪጆቹ ጥናት በልጅነታቸው በጣም ከወፈሩ ሰዎች መካከል ከመቶ አምስት የሚያህሉት ላይ የዚህ ዘረ መል ጉድለት አግኝቷል። ይህ ብርቅ ነገር አይደለም።

«ክብደት የሂሳብ ጉዳይ ነው»

ሂሳቡን አልክድም። ከሚያቃጥለው በላይ የሚበላ ሰው ይወፍራል። ፍሪድማንም ሆኑ ሌላ የሆርሞን ተመራማሪ ይህን አልካዱም። ጥያቄው ሌላ ነው። ገቢውንና ወጪውን የሚወስነው ማን ነው?

እስቲ ቁጥር እንይ። በቀን 2,500 ካሎሪ የሚበላ ሰው በዓመት ከ900 ሺህ በላይ ካሎሪ ይበላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በደረቅ ሂሳብ ከሄድን፣ በዓመት አንድ ኪሎ ለመጨመር በቀን 21 ካሎሪ ትርፍ ይበቃል። አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ አይሞላም። ታዲያ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ሰው የ21 ካሎሪ ልዩነት የሚለየው በምን ሚዛን ነው? ማንም አይለይም። እንደዚያም ሆኖ የአብዛኛው ሰው ክብደት ከዓመት ዓመት ብዙም አይዋዥቅም። ቀጭኑ ሰው ቀጭን የሆነው ቆጥሮ ስለበላ አይደለም። ሰውነቱ ይቆጥርለታል።

ወጪውም ቢሆን ቆሞ አይጠብቅም። በዚያው በሮክፌለር ሩዶልፍ ላይበልና ማይክል ሮዘንባም በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከክብደታቸው አሥር በመቶ ሲቀንሱ ሰውነታቸው ከሚጠበቀው በታች ማቃጠል እንደሚጀምር አሳዩ። በ2011 ደግሞ ከአውስትራሊያ ሜልቦርን ሌላ ጥናት ወጣ። ሃምሳ ሰዎች ለአሥር ሳምንት በጣም ትንሽ ምግብ እየበሉ ከሱ። ሌፕቲናቸው ወረደ፤ ግሬሊን የተባለው፣ ከጨጓራ የሚወጣው የረሃብ ሆርሞን ደግሞ ወጣ። ይህ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ሆርሞኖቹ ወደ ቦታቸው አለመመለሳቸው ነው። ሰዎቹ ዓመት ሙሉ ከመክሳታቸው በፊት ከነበረው በላይ ይርባቸው ነበር።

ቁርጠኝነት ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉት ሰዎች ምሳሌ ይሆኑን ነበር። በአገር ፊት፣ በቀን ለሰዓታት ላባቸውን አንጠፍጥፈው የቀነሱ ሰዎች ናቸው። ያኔ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ኬቪን ሆልና ባልደረቦቻቸው አሥራ አራቱን ከስድስት ዓመት በኋላ ፈልገው መረመሯቸው። በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው፣ 41 ኪሎ መልሰዋል። ሰውነታቸው ያኔም በቀን 500 ካሎሪ ያህል ከሚጠበቀው በታች ያቃጥል ነበር። ውድድሩ ባለቀበት ሰሞን ሌፕቲናቸው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። እነዚህን ሰዎች ቁርጠኝነት የላቸውም የሚል ካለ፣ ከእነሱ በላይ ምን ያህል ቢቆርጡ እንደሚበቃ ይንገረን።

«ዘረ መል በአርባ ዓመት አይለወጥም»

ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነጥብ ይህ ነው። አዎ፣ ዘረ መላችን አልተለወጠም። ውፍረት ግን ተስፋፍቷል። በ2022 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን በልጠዋል። የተለወጠው አካባቢያችን ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የምንለያየው ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። አካባቢው ተለወጠ ማለት ሰው ሰነፈ ማለት አይደለም። ቁመትን እንውሰድ። ቁመት በአብዛኛው የሚወረስ ነው። ሆኖም የደቡብ ኮሪያ ሴቶች በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ 20 ሴንቲሜትር ያህል ረዝመዋል። ዘረ መላቸው ተለውጦ አይደለም፤ ኑሯቸው ተሻሽሎ ነው። እንደዚያም ሆኖ ዛሬ በአንድ ክፍል ከተቀመጡት ተማሪዎች ማን ረጅም፣ ማን አጭር እንደሚሆን በአብዛኛው የሚወስነው ውርስ ነው። አካባቢ ሁሉንም ይገፋል። ማን ምን ያህል እንደሚገፋ የሚለየው ግን ተፈጥሮ ነው።

በውፍረትም እንዲሁ ነው። በ1986 አልበርት ስታንካርድና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ በማደጎ ያደጉ 540 ሰዎችን አጠኑ። የልጆቹ ክብደት የተመሳሰለው ከወለዷቸው ጋር እንጂ ካሳደጓቸው ጋር አልነበረም። ካሳደጋቸው ማዕድ ይልቅ ያላዩት ወላጅ ደም ወሰነ። በ1990 ደግሞ በካናዳ ክሎድ ቡሻር አሥራ ሁለት ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን በቁጥጥር ሥር አድርገው ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1,000 ካሎሪ እየጨመሩ በሳምንት ስድስት ቀን መገቧቸው። የ84 ቀን ትርፍ ምግብ ለሁሉም እኩል ነው። አንዱ 4 ኪሎ ጨመረ፣ ሌላው 13 ኪሎ። መንታው ግን ከመንታው ጋር ይመሳሰል ነበር። እኩል በልተው እኩል አልወፈሩም። ይህን በስንፍና የሚያስረዳልኝ ሰው አላገኘሁም።

የስንፍናው መላ ምት ራሱ ደግሞ አያስኬድም። ትክክል ቢሆን ኖሮ በአርባ ዓመት ውስጥ የሀብታምም የድሃም አገር ሰው፣ ወንዱም ሴቱም፣ ገና አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃንም ጭምር አንድ ላይ ሰነፉ ማለት ነው። ምግቡ ተለወጠ ማለት ይቀላል። ያው ኬቪን ሆል በ2019 ያሳተሙት ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። ሃያ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እስኪጠግቡ ይበላሉ። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር። በተቀነባበረው ጊዜ ግን በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ወፈሩም። ሰዎቹ ያው ናቸው። ቁርጠኝነታቸው በሁለት ሳምንት አልተለወጠም።

የራሳችንም ሰዎች ታሪክ አለ። ቤተ እስራኤላውያን በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሲገቡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ተስፋፋ። ጸሐፊው እነዚህ ሰዎች አውሮፕላን ላይ ሲወጡ ሰነፉ እንደማይሉን አምናለሁ።

ጾሙስ?

ይህን ነጥብ ሳነብ ብዙ ሰው ለምን እንደተስማማ ገባኝ። ከቤታችን የወጣ ምሳሌ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናቶች፣ በረመዳን እስከ መግሪብ ውኃ የማይቀምሱ ሠራተኞች ሁላችንም እናውቃለን። ክብር ይገባቸዋል። ሰው ረሃብን ለሰዓታት መታገሥ እንደሚችልም ያረጋግጣሉ። ይህን የካደ የለም።

ነገር ግን ጾም ማብቂያ ሰዓት አለው። ሲፈታ ሰውነት የጎደለውን ይጠይቃል፣ ይሰጠዋልም። ግሬሊንም ሰዓት ይለምዳል፤ ከለመዱት የምግብ ሰዓት በፊት ከፍ ይላል፣ ከበሉ በኋላ ይወርዳል። ክብደት ቀንሶ ለዓመታት እዚያው መቆየት ግን ማብቂያ የሌለው ነገር ነው። ሰዓቱ አይደርስም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው። ደግሞም ከጿሚዎቹ መካከል ወፍራም እናቶች የሉም? ሞልተዋል። ጸሐፊው ባሉት መሠረት በጾም ራሳቸውን መግዛታቸውን ያስመሰከሩ ናቸው። ታዲያ ለምን ወፈሩ? ምሳሌው የሚመታው ራሱን ጽሑፉን ነው።

ረሃብ ወራት ሲዘልቅ ሰውን ምን እንደሚያደርገው በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ታይቷል። አንሰል ኪስ የተባሉ ሳይንቲስት የመሩት ሙከራ ነው። በጦርነት የተራቡ ሰዎችን ለመርዳት ሲሉ በፈቃዳቸው የገቡ ሠላሳ ስድስት ወጣቶች ለስድስት ወር በግማሽ ሆድ ኖሩ። ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። ለእምነታቸው ሲሉ ጦር መሣሪያ አንሣም ያሉ፣ ጽኑ ሰዎች ነበሩ። እነሱ እንኳ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ። አንዳንዶቹ ምግብ ማብሰያ መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። ሙከራው ሲያበቃም በልተው አልጠግብ አሉ።

መርፌዎቹ

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ብዙ ነው። ዋጋቸው ያሳዝናል። ዊጎቪ የተባለው መርፌ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የተተመነለት በወር ከ1,300 ዶላር በላይ ነው። ዋና ዋናዎቹን ሙከራዎች የከፈሉት አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሆድ ድርቀት አለው። ከስቡ ጋር ጡንቻም ይቀንሳል። በሐሰት የተመረተ ሴማግሉታይድ፣ ማለትም ዊጎቪ ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ በተለያዩ አገሮች በመገኘቱ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሻንጣ መጥቶ በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ አይቆይ የማይታወቅ መርፌ የሚወጋ ሰው በጤናው እየቀለደ ነው። «ሆርሞን ያስተካክላል» እየተባለ ስለሚቸበቸበው ሻይም ጸሐፊው የተቆጡት ቁጣ የእኔም ነው።

መርፌዎቹ አይሠሩም የሚለው ግን ልክ አይደለም። መነሻቸው ጂኤልፒ ዋን የተባለ፣ ስንበላ ከአንጀት የሚወጣ ሆርሞን ነው። በአሜሪካ ጆኤል ሃበነርና ስቬትላና ሞይሶቭ፣ በዴንማርክ ያንስ ዩል ሆልስት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለፉበት። መጀመሪያ የተፈለገው ለስኳር በሽታ ነበር። በ2021 በታተመው ትልቅ የሴማግሉታይድ ሙከራ ከ1,900 በላይ ሰዎች ተሳተፉ። ሁለቱም ወገን ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት ምክር አግኝቷል። በ68 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን የወሰዱት ከክብደታቸው በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ባዶ መርፌ የወሰዱት 2.4 በመቶ።

ይህን ውጤት ደግመው ያስቡት። ምክሩ እኩል ነው። ሁለቱም ወገን ለመክሳት ፈልጎ የመጣ ነው። ልዩነቱ ሆርሞኑ ብቻ ነው። ወፍራም ሰው የጎደለው ራስን መግዛት ከሆነ፣ በሳምንት አንዴ የሚወጋ መርፌ ራስን መግዛት እንዴት ይሰጣል? ወሳጆቹ ራሳቸው የሚናገሩት ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ሲመላለስ የነበረው የምግብ ሐሳብ ጸጥ አለላቸው።

ሲያቆሙት መልሰው ይወፍራሉ፤ ይህም እውነት ነው። ከዚያው ሙከራ ተሳታፊዎች የተወሰኑትን ተከታትለው ሲያዩ፣ ካቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ የቀነሱትን ሁለት ሦስተኛ መልሰዋል። ጸሐፊው ይህን የውድቀት ማስረጃ አድርገውታል። የደም ግፊት ክኒን ያቆመ ሰውም ግፊቱ ይመለሳል። ክኒኑ አይሠራም ብሎ ግን ማንም አይደመድምም። መድኃኒቱ ሲነሣ ክብደቱ መመለሱ ሰውነት ያንን ክብደት አጥብቆ እንደሚጠብቅ ያሳያል። ኮልማንና ፍሪድማን ያሉትም ይህንኑ ነው። ዕድሜ ልክ መውሰድ ይገባል ወይ፣ ማን ይከፍላል፣ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። በእሱ ላይ ብንከራከር ደስ ይለኛል።

«ፊት ለፊት መናገር ፍቅር ነው»

የጽሑፉ የመጨረሻ ምክር ይህ ነው፤ ለመጻፍ ያስነሣኝም እሱ ነው። አገራችን በዚህ ነገር ላይ ሁለት ልብ ናት። ትንሽ ሞላ ያለን ሰው «ተመችቶሃል» ብለን እናሞግሳለን። መስመሩን ያለፈውን ደግሞ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በቡና ላይ ሳይቀር እንናገረዋለን። ከውጭ የመጣች እህት ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ የምትሰማው ስለ ሰውነቷ ነው። ከጽሑፉ ሥር አስተያየቶቹን አየኋቸው። ሰዎች የእህታቸውን፣ የሚስታቸውን፣ የጓደኛቸውን ስም እየጠሩ «ይቺን አንብቢያት» ብለዋል። በሺህ ሰው ፊት።

ፍቅር ይሁን አይሁን ልባቸውን አላውቅም። ውጤቱን ግን ማየት ይቻላል። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከስድስት ሺህ በላይ ሰዎችን ለአራት ዓመት ተከታትሏል። ሲጀመር ከመጠን ያለፈ ውፍረት ካልነበረባቸው ሰዎች መካከል፣ በክብደታቸው የተነሣ መድልዎ ደርሶብናል ያሉት ካልደረሰባቸው ይልቅ ለውፍረቱ የመዳረግ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኘ። አንድ ጥናት ብቻውን ምክንያትና ውጤትን አይቆርጥም። ግን ማሸማቀቅ ያከሳል የሚለው ሰው ማስረጃ የማምጣት ግዴታው የራሱ ነው፤ ጸሐፊው አንድም አላመጡም።

የተሸማቀቀ ሰው ሐኪም ቤት መሄድ ይተዋል። ሲሄድም ከጉልበቱ ሕመም በፊት ስለ ቦርጩ ይነገረዋል። ደም ግፊቱም ስኳሩም ሳይለካ ይከርማል። ጸሐፊው ለሰው ጤና እንደሚያስቡ ከአጻጻፋቸው ይታያል። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። በሌላው ላይ መከራከራችንን እንቀጥል፤ ይህችን የመጨረሻ አንቀጽ ግን ከጽሑፋቸው ያውጧት። ስማቸው ከሥሩ የተጠራው ሴቶች እያነበቡት ነው።